ስምሽን ከመስጠትሽ በፊት

ልጄ፣ የሰፈራችሁ ፓርቲ ለማዘጋጃ ቤቱ ምርጫ እጩ እንድሆን ጠየቀኝ አልሽኝ። ደስ ብሎኛል። አስተማሪ ሲከበር ደስ ይለኛል፤ የእኛ ልጅ በሰው አገር ስትከበር ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ነው። ግን ትንሽ ሰግቻለሁ። ስጋቴን ውጬ «በርቺ» ብዬ ብቻ ብሸኝሽ ደግ አላደረግሁም። እስቲ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አለሽ፤ ማንም አያሯሩጥሽም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

የማወራሽ ስለ አንድ አስተማሪ ነው። አሁን በምትኖሪበት በኖርዌይ፣ በሰሜኑ ጫፍ የተወለደ ሰው ነው። ስሙ ኢሳክ ሳባ ይባላል። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ተነሥቶ ፓርላማ የገባ ሰው ነው። በእርግጥ እዚያ አገር ከአስተማሪነት ተነሥተው ከሳባ የበለጠ ሥልጣን ያገኙ አሉ። ዮርገን ሎቭላንድ አስተማሪ ነበር፤ ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ ቆይቶም ጠቅላይ ሚኒስትር። ላርሽ ኮርቫልድ የእርሻ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ እሱም በ1972 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የእነሱ ታሪክ ያምራል፣ ጊዜ ስታገኚ አንብቢው። አንቺን የሚጠቅምሽ ግን የሳባ ነው። ሳባ ሚኒስትር አልሆነም። የለመነውንም በሕይወት ሳለ አላየም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እዚያ እንደሚቆጠረው ነው የምጽፍልሽ፤ መጻሕፍቱን ስታገላብጪ እንዳይምታታብሽ።

ሳባ በ1875 በኖቬምበር ወር በነሰቢ ተወለደ። ነሰቢ በፊንማርክ አውራጃ፣ በቫራንገር ፊዮርድ ዳር ያለች ትንሽ ቀዬ ናት። በክረምት ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም። የተወለደው ከሳሚ ሕዝብ ነው። ሳሚ ሲባል ብዙ ሰው አጋዘን የሚነዳ ዘላን ብቻ ይመስለዋል። የባሕር ዳሮቹ ግን ዓሣ እያጠመዱ፣ ጥቂት ላምና በግ እያረቡ የሚኖሩ ነበሩ። ሳባ ከእነዚህ መሐል ወጥቶ ትሮምሶ ከተማ በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ተማረ። አስተማሪም ሆነ።

አሁን ልብ በይልኝ። ያ ዘመን ለሳሚ አስተማሪ ከባድ ዘመን ነበር። መንግሥት ሳሚዎችን በቋንቋም በልማድም ኖርዌያዊ ለማድረግ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። በ1898 ለአስተማሪዎች መመሪያ ወጣ። ትምህርት በኖርዌይኛ ይሁን፤ ሳሚኛ ልጁ ጨርሶ ሳይገባው ሲቀር ብቻ፣ ለማስረዳት ያህል ይነገር የሚል ነው። አንቺ አስተማሪ ስለሆንሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ይገባሻል። ልጁ ቤቱ በሳሚኛ ተነሥቶ፣ በሳሚኛ ጸልዮ፣ በሳሚኛ ቁርሱን በልቶ ይመጣል። አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ቋንቋውን ይችላል። ልጁም መምህሩ እንደሚችል ያውቃል። መምህሩ ግን በማይገባው ቋንቋ ይናገረዋል። ልጁ ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ሰነፍ ተብሎ ይጻፋል። ከ1905 ወዲህ መንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች መክፈት ጀመረ፤ ልጆቹ ከቤታቸው ተለይተው እዚያው ያድሩ ጀመር። ሳሚ አስተማሪዎችም ቀስ በቀስ በሌላ እንዲተኩ ይደረግ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። በ1902 ደግሞ የመሬት ሕግ ወጣ። በፊንማርክ የመንግሥት መሬት የሚሸጠው ኖርዌይኛ ለሚናገር፣ ለሚያነብና ለሚጽፍ፣ በዕለት ኑሮውም ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ ሆነ። አየሽ፣ ቋንቋው በክፍል ውስጥ ብቻ አልቀረም። ማረሻና ማጨጃ መሬቱ ድረስ ተከተላቸው።

ሳባ ይህን ሁሉ እያየ ነው ወደ ፖለቲካ የገባው። ማስተማር ሰልችቶት አልገባም። ይህን ደጋግሜ እነግርሻለሁ፤ ሰልችቶት አልገባም። ክፍል ውስጥ ያየው ነገር በክፍል ውስጥ ብቻ የማይፈታ ስለሆነበት ነው። አንቺም ራስሽን ጠይቂ። ክፍሉ ደክሞሽ ነው ወይስ ክፍሉ ያሳየሽ ነገር አለ? ደክሞሽ ከሆነ፣ ልጄ፣ እረፊ። ለደከመ ሰው የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ እረፍት አይሆነውም።

እንዴት እንደገባም ተመልከቺ። መጀመሪያ ጻፈ። በ1904 አንደርስ ላርሰን የሚባል ሌላ ሳሚ አስተማሪ «ሳጋይ ሙይታላጌ» የሚባል ጋዜጣ በሳሚኛ ማሳተም ጀመረ። ሁለት አስተማሪዎች፣ አንዱ አዘጋጅ፣ ሌላው ጸሐፊ። በሚያዝያ 1906 የሳባ መዝሙር በዚያ ጋዜጣ ወጣ። ዛሬ የሳሚ ሕዝብ ሁሉ፣ በኖርዌይም በስዊድንም በፊንላንድም በሩሲያም ያለው፣ በአንድነት የሚዘምረው እሱን ነው። ከምርጫው በፊትም ምን እንደሚጠይቅ በዚያው ጋዜጣ ላይ አስቀመጠ። ልጆቻችን በቋንቋቸው ይማሩ፣ መሬት በቋንቋ ሚዛን አይለካ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ይህን ማንም አንብቦ «ቃልህን አጥፈሃል» ሊለው እንዲችል አድርጎ ነው ያስቀመጠው። በወገኖቹ ቋንቋ፣ ስሙን ከታች አድርጎ።

ስለዚህ ነው የሰጋሁልሽ። አንቺ የነገርሽኝ ፓርቲው ምን እንዳለሽ ነው። ጥሩ ተናጋሪ ነሽ እንዳሉሽ፣ የእናንተ ሰዎች ይወዱሻል እንዳሉሽ። ምን ልትጠይቂ እንደምትገቢ ግን አልነገርሽኝም። ፈልጌ አጣሁት። ስም ፈልገው ከሆነ የጠሩሽ፣ ስምሽን ወስደው አንቺን ይተዉሻል። እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰው የሚጠይቀው ነገር ይዞ ከገባ ግን የጠሩትም ሰዎች ይጠነቀቁለታል።

ሌላው የሳባ ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። ለወገኖቹ ብቻ ብሎ ብቻውን አልቆመም። ከሠራተኞቹ ፓርቲ፣ ከሌበር ፓርቲው ጋር ገባ። በዚያ ዳርቻ ድሃው ሳሚ ብቻ አልነበረም። በ1903 መሐምን በምትባል መንደር ዓሣ አጥማጆች ተነሥተው የዓሣ ነባሪ ማቀነባበሪያውን አፈራረሱት። ዓሣ ነባሪው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዳልናል፣ እሱ ሲታደን ዓሣው ራቀን ብለው ያምኑ ነበር። መንግሥት ወታደር ላከባቸው። ቢሆንም ብዙ ሳይቆይ በፊንማርክ ዳርቻ ዓሣ ነባሪ ማደን ተከለከለ። ያ ቁጣ ነው ሌበር ፓርቲውን በሰሜን ያቆመው። በ1906 ምርጫ ፓርቲው 10 ወንበር አገኘ፤ ከአሥሩ አንዱን የያዘው ሳባ ነው። ሳሚ ሰው በኖርዌይ ፓርላማ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ኖርዌይኛ ተናጋሪው ዓሣ አጥማጅም፣ ሳሚው ዓሣ አጥማጅም ድምፅ ሰጥተውታል። (በዚያን ጊዜ ለፓርላማ የሚመርጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። የዚያ አገር ሴቶች በሙሉ መብት የመረጡት ከ1913 ወዲህ ነው። አንቺ ዛሬ ተመራጭ ሁኚ ስትባዪ ይህንንም አትርሺ።)

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጎረቤትሽ ያለበትን ችግር ካላወቅሽ ያንቺን እንዲያውቅ አትጠብቂ። በሰፈራችሁ አዛውንት መጦሪያው ሰው አንሶታል ይባላል፤ አውቶቡሱ ቅዳሜና እሑድ አይመጣም ትዪኛለሽ። እነዚህም ያንቺ ጉዳዮች ናቸው። «የስደተኞች እጩ» ብለው አንድ ጥግ እንዳያስቀምጡሽ። አንቺ የሰፈሩ አስተማሪ ነሽ። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ታስተምሪያለሽ።

ደግሞ የሳሚዎች ጉዳይና የእኛ አንድ ነው እያልኩሽ አይደለም። አይደለም። እነሱ በገዛ መሬታቸው ላይ ነው ቋንቋቸው የተከለከለው። እኛ ዘግይተን የመጣን እንግዶች ነን፤ ሰዎቹም ተቀብለውናል። ልዩነቱን አክብሪ። የነሱን ቁስል የእኛ አስመስለሽ አትናገሪ። የምልሽ ስለ ሰውየው አካሄድ ነው፤ ስለ ልማዱ።

እንግዲህ ሳባ ፓርላማ ገባ። ፓርላማው 123 ወንበር ነበረው። የሱ ወገን ከ123ቱ አሥር። በ1909 እንደገና ተመረጠ፤ እስከ 1912 ቆየ። ስድስት ዓመት። ምን አገኘ? እውነቱን ልንገርሽ፤ ከጠየቀው አንዱም አልተፈጸመለትም። የ1898ቱ መመሪያ አልተነሣም። የመሬት ሕጉም አልተነሣም። ፓርቲው ራሱ የሠራተኛውን ጉዳይ እንጂ የሳሚውን ቋንቋ ከልቡ አልያዘውም። ጋዜጣውም በ1911 ቆመ። ከ1912 በኋላ ሳባ ወደ ፓርላማ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብለሽ እንድታስቢ የምፈልገው። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሳይመረጥ የቀረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ የከዳው ይመስለዋል። ገበያ ላይ ሰላምታ የነፈገው ሁሉ ያልመረጠው ይመስለዋል። ቤቱ ይገባና በር ይዘጋል፤ ወይም በየሻይ ቤቱ የሌላውን ስም ሲያነሣ ይውላል። ይህ ልማድ ክፉ ነው። አንዴ ከያዘ አይለቅም። ልጆችም ያዩታል፤ ልጆች የሚያዩትን ደግሞ አስተማሪ አይደብቅም።

ሳባ እንዲህ አልሆነም። አስተማሪ ነበር፤ አስተማሪ ሆኖ ቀጠለ። የወገኖቹን ተረትና አፈ ታሪክ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አፍ እየሰማ ይጽፍ ነበር። በሳሚኛ፣ እንደተነገረው። በ1921 በቫርዶ ከተማ ሞተ። ዕድሜው 45 ብቻ ነበር። ሲሞት ልጆች በቋንቋቸው እንዲማሩ የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። መሬቱም በቋንቋ ይለካ ነበር። የሱ ጽሑፎች ግን ነበሩ። መዝሙሩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ቀስ እያለ ሆነ። በጣም ቀስ እያለ። በ1924 ፔር ፎክስታድ የሚባል ሌላ ሳሚ አስተማሪ የሳሚ ትምህርት ቤት ዕቅድ አዘጋጅቶ ለመንግሥት አቀረበ። አልተቀበሉትም። ያ ሰው አላኮረፈም። በ1956 መንግሥት የሳሚን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም ከአባላቱ አንዱ እሱ ነበር። በ1959 ሳሚኛ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን በሕግ ተፈቀደ። በ1965 ያ የመሬት ሕግ ተሻረ። በ1967 ልጆች በሳሚኛ ማንበብ መማር ጀመሩ። በ1989 ንጉሥ ኦላቭ 5ኛ በካራሾክ የሳሚ ምክር ቤትን ከፈቱ። በ1997 ልጃቸው ንጉሥ ሃራልድ 5ኛ በዚያው ምክር ቤት ቆመው ስለተፈጸመው በደል ይቅርታ ጠየቁ። በ2024 ደግሞ ሳባ የተቀመጠበት ፓርላማ ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ሳባ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

ይህን የምነግርሽ «ከመቶ ዓመት በኋላ ይሳካልሻል» ለማለት አይደለም። ሰው ለመቶ ዓመት አያቅድም። የምልሽ ሌላ ነው። ላርሰን አስተማሪ ነበር። ሳባ አስተማሪ ነበር። ፎክስታድ አስተማሪ ነበር። ነገሩን ያቆዩት ማስተማራቸውን ያልተዉ ሰዎች ናቸው። የፓርላማ ወንበር ሲሄድ ሄደ፤ የተጻፈው ወረቀትና የተማረው ልጅ ግን ቀረ።

እና ስለ ቅዳሜዋ ክፍል ልጠይቅሽ። ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለሕፃናቱ ፊደል ታስቆጥሪያለሽ። ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ማንም አይከፍልሽም፤ ማንም አያጨበጭብልሽም። አንዲት ልጅ «ሀ ሁ» ብላ «ሂ» ላይ ስትደርስ እንዴት እንደምትስቅ ነግረሽኝ ነበር። መጀመሪያ የምትተዪው ይህን ነው ብዬ ፈራሁ። የፓርቲ ስብሰባ ቅዳሜ ይሆናል። አንድ ጊዜ ትቀሪያለሽ። ሁለተኛ ትቀሪያለሽ። ወላጆቹም ልጆቹን ማምጣት ይተዋሉ። ክፉ ሰው ሆነሽ አይደለም፤ እንዲህ ነው ነገር የሚያልቀው። ኖርዌይ ለስደተኛ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የምትሰጠው በኖርዌይኛ ትምህርቱን መከታተል እስኪችል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አማርኛው በቤትና በቅዳሜዋ ክፍል ላይ ይቀራል። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት የሚተካሽ ሰው አዘጋጂ። ወይም ቅዳሜ ጠዋት የለሁም ብለሽ ለፓርቲው ከአሁኑ ንገሪያቸው። ከአሁኑ ከነገርሻቸው ያከብሩልሻል።

ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ሥራም ጥቂት ልበልሽ። ብዙዎቹ ተመራጮች መደበኛ ሥራቸውን አይተዉም። ሕጉ ለሕዝብ ሥራ ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ያሰጥሻል፤ ርእሰ መምህሩን ቀድመሽ አናግሪው። ግን አንዴ ከተመረጥሽ አራት ዓመት ነው። ደከመኝ ብለሽ ጥለሽ መውጣት አይቻልም፤ በምክንያት ማመልከት ይኖርብሻል፣ ምክር ቤቱም ይወስናል። ከስብሰባ በፊት የሚላከውን ሰነድ ማንበብ አለብሽ። ወፍራም ነው፤ አሰልቺም ነው። ሳታነብ የምትገባ ተመራጭ ጎኗ ያለው ሰው እጁን ሲያነሣ እጇን ታነሣለች። አንቺ ግን የተማሪ ደብተር እስከ እኩለ ሌሊት የምታርሚ ሰው ነሽ። ይህን ማንበብ አያቅትሽም። እንደማያቅትሽ አምናለሁ።

ለወገኖቻችንም ንገሪያቸው። በሕጋዊ መንገድ ለ3 ተከታታይ ዓመት የኖረ ሰው ዜግነት ባይኖረውም በማዘጋጃ ቤት ምርጫ መምረጥ ይችላል። ከ1983 ጀምሮ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ አያውቁም፤ ያወቁትም «የሰው አገር ጉዳይ ነው» ብለው ቤታቸው ይቀራሉ። አንቺን እንዲመርጡ አትለምኛቸው። መምረጥ እንደሚችሉ አስረጃቸው። የፈለጉትን ይምረጡ። አስተማሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አትግቢ አላልኩሽም፣ ልጄ። እንዲህ ብለሽ እንዳትረጂኝ። ትችያለሽ። ከብዙዎቹ የተሻለ ትችያለሽ። ባትችይ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልደከምኩ ነበር። ግን ባዶ እጅሽን አትግቢ። ቁጭ ብለሽ በአንድ ገጽ ላይ የምትጠይቂውን ጻፊ። ባትመረጪም የማትተዪውን ጉዳይ ከላይ አድርጊው። በኖርዌይኛ ጻፊው፤ ከዚያ በአማርኛም ጻፊው። አማርኛውን ለእናትሽ አንብቢላት። ከገባት ስምሽን ስጪ። ካልገባት እንደገና ጻፊው።